ሁለተኛው ባልዲ

ፍርድ ቤት አልፈራም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የአገሬ ልጆች ፖሊስ ሲይዛቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሲያልፍባቸው፣ አሠሪ ደመወዝ ሲከለክላቸው ቀድመው የሚደውሉት ለእኔ ነበር። ሕግ አልተማርኩም። ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ዓረብኛው እንደ አፍ መፍቻዬ ይቀናኛል፤ የተቆጣ ሰው ፊት ደግሞ ድምፄ አይቀንስም። ለፍርድ ቤት ደጅ ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አላስፈለገኝም። በሩ ላይ የሚቆሙት ፖሊሶች "የሐበሾቹ እናት መጣች" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ እያሾፉም ያስገቡኝ ነበር።

የምተርከው ጦርነቱ ከተማዋን ከመበተኑ በፊት የሆነውን ነው። በዚያ ሰሞን ሕጉ ተለውጦ፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በቤቱ ቢጠጣ አይጠየቅም ተብሎ ነበር። እኛም ትንሽ ትንፋሽ ወሰድን። መሸጥ ግን እንደ ድሮው ያሳስራል። ለውጭ አገር ሰው ደግሞ ከእስሩ በኋላ ተርሒል የሚሉት አለ፤ መኪና ላይ ጭኖ ድንበር ማሻገር ነው።

የጽዋ ማኅበር ነበረን። በየወሩ በምንዘክረው መልአክ ቀን በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን፤ ባለተራው ዳቦ ይደፋል፣ የሚጠጣ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ጥልፍ የለበሰችው የጽዋ ማሰሮ ለሚቀጥለው ባለተራ ተላልፋ ወደ ቤቱ ትሄዳለች። በአዘቦቱ ወር ፖሊስ ስለምንፈራ የምናቀርበው ብርዝ ነበር፤ አንዳንዴም ለስላሳ። ለዓመታዊው በዓል ግን ጠላ ካልተጠመቀ ሙሴያችን ፊቱ አይፈታም። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው፤ የእኛው ሙሴ ጀብራ ሰፈር ልብስ የሚሰፋ፣ ከሁላችን በፊት ሱዳን የገባ ሽማግሌ ነበር።

የዚያን ዓመት በዓል ተራው የጓደኛዬ ሆነ። እሷና እኔ ወጣት ሆነን በአንድ የጭነት መኪና ላይ፣ በሽንኩርት ከረጢት መሃል ተቀምጠን ነው ድንበሩን የተሻገርነው። ባሏ ካርቱም ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ለግንባታ ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች አንድ ልጇን አሳደገች። ልጅቷ እዚያው ተወልዳ የመጨረሻው ክፍል ደርሳ ነበር። እናቷ በአማርኛ ትቆጣታለች፣ እሷ በዓረብኛ ትመልሳለች፤ ኢትዮጵያን የምታውቃት በስልክ ነው። እኔን ኻልቲ ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው።

በግቢያቸው ሌላ ክፍል የተከራየች አንዲት የወሎ ሙስሊም ነበረች። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ቤት እያደረች ትሠራለች፤ ሐሙስ ማታ መጥታ ዓርብን ከእኛ ጋር ትውላለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ናት። ጓደኛዬ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ለእሷ ለብቻዋ ታዘጋጅላት እንደነበር የግቢው ሰው ያውቃል፤ ምን እንደምታዘጋጅላት ግን እኔ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። የጎረቤት ድርሻ ነው፣ ምን ይጠየቃል?

በዓሉ ዓርብ ዋለ። እኔ ዳቦዬን ታቅፌ ስደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ፖሊስ ቀድሞኝ ደርሷል። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ክዳን ያላቸውን ሁለት ትልልቅ የላስቲክ ባልዲዎችና የጽዋ ማሰሮዋን አውጥተው ፀሐይ ላይ ደርድረዋቸው ነበር።

"ይሄ የማን ነው?" አለ አለቅየው።

"የእኔ ነው" አለች ጓደኛዬ።

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም። ሁሉም የእኔ ነው። የሌላ የማንም አይደለም።"

ይህን ያለችው ጮክ ብላ፣ በጥሩ ዓረብኛ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ ነው። የወሎዋ ጎረቤታችን ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጓደኛዬን መኪና ላይ ጫኗት። ሁለቱንም ባልዲ በኋላ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አሸዋ ላይ ደፏቸው፤ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም አረፋ ያላቸው ስለነበሩ የቀመሰም የመረመረም ሰው አልነበረም።

ፍርዱ ችኩል ነበር። ዳኛው "ይህን ሁሉ ብቻሽን ልትጠጪው ነው?" ሲላት ዝም አለች። "ታዲያ ለማን ነው?" ሲላት "የእኔ ነው" ብላ ደገመች። ሁለት ባልዲ መጠጥ፣ አንዲት ሴት፣ ሌላ ባለቤት የለም። ዳኛው ሽያጭ ነው ብሎ ደመደመ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እሱን ብሆን እንዲያ ባልኩ። ከወራት እስር በኋላም ከአገር ትውጣ ተባለ። ከኋላ ወንበር ተነስቼ "ሞላና፣ ይህቺ ሴት አልሸጠችም!" ብዬ ጮህኩ፤ ሱዳን ውስጥ ዳኛን ሞላና ነው የምንለው። አንድ ፖሊስ ክንዴን ይዞ በትህትና አስወጣኝ።

ደጅ ላይ ልጅቷ "ኻልቲ፣ እማማ ከተባረረች እኔ የት ነኝ?" አለችኝ።  ከእናቷ ጋር ብትሄድ ትምህርቱ ይቀራል፤ ቋንቋዋን በቅጡ የማታውቀው አገር ትገባለች። ብትቀር ደግሞ ካርቱም ላይ ብቻዋን የምትቀር ልጃገረድ ናት። "ያላ፣ ወደ ቤት" አልኳት። "እናትሽ የትም አትሄድም።" እንዲያ ስላት እርግጠኛ ነበርኩ። ከምን እንደመጣ አላውቅም፣ ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

የሴቶቹ እስር ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። በጉብኝት ቀን ዳቦ ይዤ ሄድኩ፤ ጠባቂዋ ዳቦውን በማንኪያ እየበሳች መረመረችው፣ የተረፈውን ፍርፋሪ አቅፌ ገባሁ። ጓደኛዬ ከሽቦው ማዶ ቆመች። ፊቷ ጠቁሯል፣ ጉንጮቿ ገብተዋል፣ ወገቧ ግን እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሏል። ከሰላምታ ይልቅ ቁጣዬ ቀደመ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? የማኅበር ነው አትይም? ሙሴው አለ፣ እኛ አለን!"

"ተራው የእኔ ነው" አለችኝ። "ጽዋዋን ተቀብያለሁ። እቤቴ ያለው የእኔ ነው።"

"ለመልአኩ እኮ ነው የጠመቅሽው!"

"መልአኩን ፖሊስ ጣቢያ ልውሰደው?"

ተናደድኩ። እኛ የማኅበር ሰዎች እንዲህ ነን። ባለተራ የሆነ ሰው ያለውንም የሌለውንም በራሱ ስም ይወስዳል፤ እንግዳ የሚገባው በእሱ ስም ነው፣ ቢጎድል የሚያፍረው እሱ ነው። ይህን ለሱዳን ዳኛ ማስረዳት ይቻላል፤ ያልተናገረችውን ግን ማን ያስረዳላታል? ለዚህ ደረቅ ኩራት ብላ ልጇን ልትበትን ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምክንያት ይኖራል ብዬ ለአፍታ እንኳ አልጠረጠርኩም። ልሄድ ስል ጠራችኝና "ዓርብ ዓርብ ጎረቤታችንን እያያችኋት ነው?" አለች። "ደህና ናት" አልኳት፤ በዚህ መከራ መሃል ስለ ጎረቤት መጠየቋ ራሱ አናዶኛል።

በነጋታው ካርቱም ሁለት ወደምታውቀኝ ጠበቃ ሄድኩ። ወጣት ሱዳናዊት ናት። ቢሮዋ ከአንድ ሬስቶራንት በላይ ስለሆነ የሕግ መጻሕፍቷ ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታሉ። ነገሩን ሁሉ ተረክሁላት፤ ስለ ጽዋው፣ ስለ ተራው፣ ስለ ጥልፏ ማሰሮ። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"ሻጭ ማሰሮውን ጥልፍ አያለብስም" አለች በመጨረሻ። "ይሄ ራሱ ክርክር ነው። ዳኛው ግን አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችም። ኢስቲእናፍ እንላለን።"

ኢስቲእናፍ ይግባኝ ነው። በጊዜው ገባ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ መጠበቅ ደግሞ ለእኔ ተፈጥሮ አይስማማም። ሱቄ ውስጥ ሽሮ ስመዝን እጄ እየከበደ ሰዉ ሁሉ "ዛሬ መርቀሽ ጨመርሽልን" ይለኝ ነበር። በመጨረሻ የይግባኙ ፍርድ ቤት መልስ መጣ፦ ተከሳሿ መከላከያዋን እንድታሰማ በቂ ዕድል አልተሰጣትምና መዝገቡ ይመለስ፣ ሌላ ዳኛ ምስክሮቿን ይስማ። እልል አልኩ። ጠበቃዋ "ገና ነው" አለችኝ። "ይህ በር ከፈተ እንጂ አላስወጣትም። ምስክር አምጪልኝ።"

እኔም ማኅበርተኞቼን አስሼ መዞር ጀመርኩ። አንዷ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ አልፏል፤ ፍርድ ቤት ገብታ እዚያው ብትቀርስ? አንዱ አሠሪው አይፈቅድለትም። አንዱ ስልኩን ዘግቶ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "ጸልየናል" ያሉኝም ነበሩ። "ጸሎቱን ዳኛው አይመዘግበውም" ብያቸው ወጣሁ። አዝኜባቸዋለሁ ብዬ መደበቅ አልችልም። ግን ፍርሃታቸው ውሸት አልነበረም፤ ወረቀት የሌለው ሰው የፍርድ ቤት ደጅ ሲያይ የሚታየው የጭነት መኪና ነው። ሙሴያችን ብቻ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ "እኔ እመጣለሁ" አለ። "ለዚህ ካልሆነ ለምን ሙሴ አላችሁኝ?"

ጠበቃዋ አንድ ምስክር አልበቃትም። "እሱ ራሱ የሚጠጣው ነው" አለች። "ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው እፈልጋለሁ። በዚያ ግቢ በር ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ ያየ።"

ይህን በተባልኩ በመጀመሪያው ዓርብ ሱቄን ልዘጋ ስል የወሎዋ ጎረቤታችን መጣች። መዝጊያው አጠገብ ቆማ ነጠላዋን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

"እትዬ፣ እኔን ለምን አልጠሩኝም?"

"አንቺ ምን ታውቂና? አሠሪዎችሽ ቢሰሙ ያባርሩሻል።"

"ሁለተኛው ባልዲ የእኔ ነበር" አለችኝ።

አልገባኝም። ቁጭ በይ አልኳት፣ አልቀመጠችም። ቆማ ነገረችኝ። ጓደኛዬ ተራዋ ሲሆን ሁልጊዜ ሁለት ባልዲ ታዘጋጃለች፦ አንዱ ለማኅበሩ፣ ለበዓሉም ጠላ፤ ሌላው ቅሪቦ፣ ጌሾ ያልገባበት፣ ከተቆላ ገብስና ከስኳር ብቻ፣ ለእሷና አብረዋት ለሚመጡ የወሎ ሴቶች። ዓርብ ዕረፍታቸው ነው፤ ክርስቲያኖቹ በአንድ ክፍል ጠላቸውን ሲጠጡ እነሱ በሌላው ቅሪቧቸውን ይዘው ይጫወታሉ። በዚያ ዓርብ ፖሊሱ "ይሄ የማን ነው?" ሲል አፏን ልትከፍት ነበር። ጓደኛዬ በዓይኗ ወጋቻትና "ሁሉም የእኔ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም" ብላ ጮኸች።

"ወላሂ፣ ለእኔ ብላ ነው" አለችኝ። "ሙስሊም ነኝ። አስካሪ ነው ብለው ቢይዙኝ ሕጉ ለእኔ ሌላ ነው። እሷ ይህን ታውቃለች።"

መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ሆንኩና በርበሬው ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ደረቅ ኩራት ያልኩት ነገር ይህ ኖሯል። "ዓርብ ዓርብ ጎረቤታችንን እያያችኋት ነው?" ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ከሽቦው ማዶ ሆና የምትጠብቃት ይህቺን ሴት ነበር። አለቀስኩ፤ እኔ ሰው ፊት አላለቅስም፣ ያን ቀን ግን አለቀስኩ።

አብረን ሄደን ነገሩን ለጠበቃዋ ነገርናት። ባልዲዎቹ ተደፍተዋል፣ የሚመረመር ነገር የለም፤ ያለው ቃሏ ብቻ ነው። "ዳኛው ካመነሽ ጓደኛሽ ትወጣለች" አለቻት፤ እኔ ቃል በቃል አስተረጎምኩ። "ካላመነሽ ግን በመጠጥ ክስ ውስጥ 'ባልዲው የእኔ ነው' ያለች ሙስሊም ነሽ። ጅራፍ አለ፣ እስር አለ፣ ተርሒልም አለ። ማንም አያስገድድሽም።"

ጎረቤታችን፣ የወሎዋ ልጅ፣ ነጠላዋን አስተካክላ አሰረች። ከዚያ "ቀኑን ንገሩኝና ፈቃድ እጠይቃለሁ" አለች።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። አዲሱ ዳኛ ሸምገል ያለ፣ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ አፍንጫው የሚያወርድ ሰው ነው። ጓደኛዬን የእስር ቤቱ መኪና አዘግይቶ አመጣት። ምስክሮቹ ውስጥ የወሎዋን ልጅ ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ እኔን በዓይኗ ቆረጣጠመችኝ። እኔም ወደ ጣሪያው አየሁ።

መጀመሪያ ሙሴያችን ቀረበ። ከሠርጉ የተረፈውን ኮት ለብሶ ነበር። ዓረብኛ እችላለሁ ብሎ አስተርጓሚ አልፈልግም አለ።

"ይህ መጠጥ የማን ነበር?" አለ ዳኛው።

"የመልአኩ ነው ሞላና።"

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ። "መልአኩ የት ነው የሚኖረው?"

"በሰማይ ነው" አለ ሙሴያችን ፈርጠም ብሎ። "በየወሩ ግን በእኛ ቤት ይታሰባል።"

ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛውም ከንፈሩን ነከሰ። ከሳሹ የፖሊስ መኮንን "ከሰማይ የሚመጣ ደንበኛ መሆኑ ነው" ብሎ አሾፈ። ሙሴያችን ግን አልደነገጠም። ተራውን፣ ዳቦውን፣ ማሰሮዋን፣ ማንም ሰባራ ሳንቲም እንደማይከፍል አስረዳ። መኮንኑ "አንተስ ከዚያ ትጠጣለህ?" ሲለው "ለምን ልዋሽ፣ እጠጣለሁ" አለ። "ሞላና፣ ምስክሩ ተጠቃሚ ነው" አለ መኮንኑ። ጠበቃዋ ጎንበስ ብላ "እንዳልኩሽ" አለችኝ።

የወሎዋ ልጅ ተጠራች። ዓረብኛዋ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው፤ ድስትና መጥረጊያ፣ ሻይና የልጆች ልብስ። የፍርድ ቤት ዓረብኛ አይገባትም። ዳኛው አስተርጓሚ አለ ወይ ሲል እኔ ተነሳሁ።

"አንቺ የማኅበሩ ሰው ነሽ?" አለኝ።

"ነኝ ሞላና። ሌላ አስተርጓሚ ካላችሁ እቀመጣለሁ።"

ግራ ቀኙን አየ፤ ሌላ የለም። መኮንኑም ቅሬታ አለኝ አላለም። "አስተርጉሚ" አለኝ። "ተከሳሿ ዓረብኛ እንደምትችል አውቃለሁ፤ የጨመርሽውን ትሰማለች፣ እኔም አውቅብሻለሁ። ያን ጊዜ አንቺም አብረሻት ትገቢያለሽ።" እምላለሁ፣ አልኩ፤ ማልኩም።

የወሎዋ ልጅ በቁርዓን ማለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ጠጋ አልኳት። በዚያ ግቢ በኖረችባቸው ዓመታት መጠጥ ሊገዛ የመጣ ሰው አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ከዚያ ትንፋሽዋን ሰብስባ "ሁለተኛው ባልዲ የእኔ ነበር" አለች። አስተረጎምኩ። 

ዳኛው መነጽሩን አወረደ። "ሙስሊም ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ነኝ።"

"ፖሊስ ያ ባልዲ አስካሪ መጠጥ ነው ብሎ መዝግቧል። 'የእኔ ነው' ስትዪ በራስሽ ላይ ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። የእኔ ነው። መጠጥ ግን አይደለም።"

ይህን ጊዜ ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ጓደኛዬ ተነሳች። ሃያ ዓመት የኖረችበት ዓረብኛ ጠፍቷት በአማርኛ ጮኸች፤

"አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ! አንቺ አስተርጓሚ፣ ዳኛውን እንዳትሰማት በዪው! ሁሉም የእኔ ነው! አንቺን እንዳይነኩሽ ብዬ አይደል እንዴ የእኔ ያልኩት? ኸላስ፣ ውጪልኝ ከዚህ!"

ጠባቂዋ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለች?"

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ጠበቃዋ ምን እንደተባለ ሳይገባት አይታኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጓደኛዬ "እንዳትተረጉሚ" የሚል ፊት ነበራት፤ ሙሴያችን ደግሞ ዓይኑን ጨፍኗል። "አስተርጓሚ ነኝ" አልኩ በልቤ፣ እና ወገቤን ቀጥ አድርጌ ሁሉንም አልኩት። ዝም በይ ያለችውን፣ ሁሉም የእኔ ነው ያለችውን፣ እንዳይነኩሽ ብዬ ነው ያለችውን፣ ውጪልኝ ያለችውን። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፣ አላስቀረሁም። 

ዳኛው መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ። ከዚያ ወደ ወሎዋ ልጅ ዞሮ በለሰለሰ ድምፅ "ቅሪቦ ያልሽው ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?" አላት።

አወራችለት። ገብሱ እንደሚለቀም፣ ጠቆር እስኪል እንደሚቆላ፣ እንደሚፈላ፣ እንደሚጠለል፣ ቀዝቅዞ ስኳር እንደሚገባበት። እጇ በአየር ላይ ያማስል ጀመር። ፍርሃቷ ጠፋ፤ ወጥ ቤቷ የገባች ሴት ሆነች። "እናንተ በረመዳን ሑሉ ሙር እንደምትጠጡት ማለት ነው" ብላ ይህቺን በራሷ ዓረብኛ ጨመረች። ሑሉ ሙር ሱዳኖች ለማፍጠሪያ የሚያዘጋጁት ጠቆር ያለ የማሽላ መጠጥ ነው፤ አንድም ሱዳናዊ ቤት ያለ እሱ አይጾምም።

ዳኛው ወደ መኮንኑ ዞረ። "ሁለተኛውን ባልዲ መርምራችኋል?"

"ቀለሙ አንድ ነበር፣ ሞላና።"

"የሑሉ ሙርስ ቀለም?" አለ ዳኛው። መኮንኑ ፋይሉን ማገላበጥ ጀመረ።

ፍርዱን እዚያው ተናገረ፤ ከተናገረው ሁሉ አንዱን እስክሞት አልረሳውም። "ይህቺ ሴት ሌላዋን ለማዳን ብላ ታስራለች" አለ። "ሌላዋ ደግሞ እሷን ለማስወጣት ልትታሰር መጥታለች። ሻጭና ገዢ እንዲህ አይዋደዱም።" ሽያጭ አልተረጋገጠም። ክርስቲያን በቤቷ ለበዓሏ ያዘጋጀችው አያስቀጣትም። የእስሩ ፍርድ ተሽሯል፣ ከእሱ ጋር የተንጠለጠለው ከአገር የመባረር ትእዛዝም ተሽሯል። የጽዋ ማሰሮዋ ለባለቤቷ ትመለስ። በስተመጨረሻ ወደ እኔ አይቶ "ባለቤቷ ማን እንደሆነ እናንተ ተነጋገሩ፤ መልአኩን መጥራት አልችልም" አለ።

ልጅቷ ከኋላ ወንበር ስትሮጥ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በዓረብኛ ይሁን በአማርኛ ምን እንዳለችኝ አላውቅም፤ ሁለቱ ተደባልቀውባት ነበር።

ውሳኔው እስር ቤቱ ደርሶ እስኪፈጸም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማኅተም ይጎድላል፣ ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። እኔ ግን የዚያን ቀን ማንም ሊያቆመኝ አይችልም ነበር። ጠባቂዋን "ዳቦዬን በማንኪያ የበሳሽብኝ አንቺ አይደለሽ? ዛሬ ካሳዬን እፈልጋለሁ" አልኳት፤ ሳቀችና ሮጣ ኃላፊውን ጠራችው። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ።

ከበሩ ውጭ የቆምነው እኔ፣ ሙሴያችን ማሰሮዋን ታቅፎ፣ ልጅቷ፣ እና ትንሽ ራቅ ብላ የወሎዋ ጎረቤታችን ነበርን። አሠሪዎቿ እስከ ማታ ፈቅደውላት ነበር። ጓደኛዬ በላስቲክ ከረጢት ልብሷን ይዛ ወጣች። ልጇን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። የሙሴን ጉልበት ሳመች። እኔን ግን አልፋኝ ሄደች፤ ለማስተርጎሜ ገና ይቅር አላለችኝም። ወሎዋ ፊት ደርሳ ቆመች።

"ማን ተናገሪ አለሽ?" አለቻት፣ እንባዋ እየወረደ። "ቢገርፉሽስ? ማን ነው ተናገሪ ያለሽ?"

ወሎዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልታወቀኝም።

"እትዬ፣ ባልዲዬን ደፍተውብኛል እኮ" አለቻት። "ይመልሱልኝ እንጂ።"

ጓደኛዬ እጇን ይዛ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ውስጥ አስገባቻት፤ ሁላችንም ተጠጋግተን ወደ ጀሪፍ ሄድን። ቤት ስንደርስ ልጅቷ ውሃ ልታሞቅላት ተነሳች። ጓደኛዬ ግን የእስር ቤት ልብሷን እንደለበሰች ከአልጋው ሥር የገብሱን ከረጢት ጎትታ አወጣች፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ድንጋዩን ከገብሱ ለቅማ ምድጃው ላይ መቁላት ጀመረች፣ ለአንድ ሰው ቅሪቦ የሚበቃ ብቻ።